የመልማዩ ሰበብ

«ዩምና! ያ ሰውዬ አንቺን ብቻ ነው የሚያየው!» ብላ ነጅላ ከኋላዬ ጮኸች።

ነጅላ የቡድናችን በረኛ ናት፤ ከኳሱ ይልቅ ተመልካቹን ትጠብቃለች። ቀና ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ኳሱ ማዶ፣ አጥቂዎቻችን ጋ ነው ያለው። ሜዳ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደዚያ አዙሯል። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ አንድ ወጣት ብቻ ወደ እኔ ያያል።

እኔ የመሃል ተከላካይ ነኝ። ተከላካይን የሚያየው የለም፤ ስትሳሳት ግን ከተማው በሙሉ ያያታል። ስለዚህ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሻሼን ደጋግሜ አስተካከልኩ።

ጨዋታው ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ሙርሺድ እባላለሁ» አለ። «ወደ ግራ ስትዞሪ ትዘገያለሽ።»

«ምን?»

«ወደ ቀኝ ግን ማሻአላህ ነው።»

ለካስ የተጫዋች መልማይ ኖሯል! አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ለሴቶች ቡድኑ ተከላካይ እንዲፈልግለት ልኮታል። ተከላካይ የምትመዘነው ኳሱ ሌላ ቦታ እያለ ነው አለኝ፤ የት እንደምትቆም፣ ማንን እንደምትጠብቅ፣ ለማን እንደምትጮህ ይታያል። እኔ ደግሞ ባል የመጣልኝ መስሎኝ! ለነጅላ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ክለቡ ከእኛ አካባቢ የሚወስደው አንዲት ተከላካይ ብቻ ነበር። ያቺ አንዲት እኔ እንድሆን የተመኘሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ተመኝቼ አላውቅም።

ሙርሺድ ደዶም አጋሮም እየሄደ ሌሎች ልጆችን ያያል። አመሻሹ ላይ ግን እኛ ልምምድ ላይ አይጠፋም። «የግራሽን ነገር ልየው ብዬ ነው» ይላል። ከልምምድ በኋላ እስከ አወቱ መንደራ፣ እስከ ሰፈሬ ድረስ ይሸኘኛል፤ ነጅላ ፈንጠር ብላ ትከተለናለች። የሰኮሩ ልጅ ነው፤ እናቱ መንገድ ዳር ሱቅ አላቸው። እሱም በልጅነቱ ተከላካይ ነበር። «እኔን ማለፍ ቀላል ነበር» ይላል፣ ምንም ሳይከፋው።

አንዳንዴ ወሬ አልቆብን ዝም ብለን እንሄዳለን። እሱ ዝም ሲል እኔም መናገር አያሰኘኝም። እንዲህ ዝም ብለን ስንሄድ ነው የወደድኩት።

አባቴ ሙሐመድሳኒ ልብስ ሰፊ ነው። የኳሴ ነገር በተነሳ ቁጥር መቀሱን ያስቀምጥና ወደ ጣሪያው ያያል። «ያ ረቢ! ሴት ልጅ ስጠኝ ብል ግድግዳ ሰጠኸኝ!» ይላል። ተይ ብሎኝ ግን አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ነጅላ እያለከለከች መጣች። «ሙርሺድ ዩምናን አልመዝናትም ብሏል። ለአሰልጣኛችን ነው የነገረው።»

ደሜ ፈላ። ካረፈበት ሆቴል በር ላይ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት።

«አልመዝናትም ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ማሊፍ? ለምን? ግራዬ አልስተካከል ስላለ ነው? እኔ ፊት አትናገረውም?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ረቡዕ ዕለት አጥቂዋ አልፋሽ ጎል አገባች። ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ። የኔ ጥፋት ነው።»

«ማታውን ለክለቡ ስደውል ‹ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት ነው› አልኳቸው።»

«የምን ፀሐይ? ረቡዕ እኮ ዝናብ ነበር!»

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ዝናብ ነበር።»

ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቼን ሸሸ።

«ወላሂ፣ ለአክስቴ ልጅ እንኳ ሰበብ ፈልጌ አላውቅም» አለኝ። «አንቺን ሳይ ግን ጥፋትሽ አይታየኝም። እንዲህ ያለ ሰው መልማይ አይሆንም። የክለቡ አሰልጣኝ ጥሩወርቅ እሁድ መጥተው ራሳቸው ያዩሻል። እሳቸው ለማንም ሰበብ አይፈልጉም። በሙርሺድ ነው የገባችው የሚልሽ አይኖርም።»

«ብወድቅስ?»

«ሰኮሩ ውስጥ ሽማግሌ ሞልቷል። አባትሽ ጋ እልካለሁ።»

ሳቄ መጣ። «ባልፍስ?»

ዝም አለ። ይህ ዝምታ እንደ ሌላ ጊዜው ደስ አላለኝም። ክለቡ ሠራተኛውና ተጫዋቹ እንዲጣመሩ አይፈቅድም። ብወድቅ እሱን አገኛለሁ፤ ባልፍ አጣዋለሁ።

እሁድ ሜዳ ስገባ ክፉ ሐሳብ አብሮኝ ገባ። አንዷን አጥቂ ብቻ ባሳልፋትስ? አንዴ ብቻ፣ እያወቅኩ እንዳላወቅኩ ብሆንስ? ጥሩወርቅ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ሙርሺድ የለም። ከዕረፍት በኋላ አጥቂዋ በግራዬ በኩል መጣች፤ እንዲያውም ልለቃት ነበር። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ዞሬ ኳሱን ነጠቅኳት።

ጨዋታው ሲያልቅ ጥሩወርቅ «ሻንጣሽን አዘጋጂ» አሉኝ።

አለቀስኩ። እሳቸው ደስታ መሰላቸው።

«አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩ። «ሙርሺድን እወደዋለሁ። ክለቡ አይፈቅድም የሚሉኝ ከሆነ ካሁኑ ይንገሩኝ።»

ለእሱ እንኳ ያልነገርኩትን ለእሳቸው ተናገርኩት።

ጃንጥላቸውን አጠፉ። «የትኛው ሙርሺድ? ዛሬ ጠዋት ሥራውን የለቀቀው?»

ወደ እናቱ እንደሚሄድ ገምቼ በሩጫ መናኸሪያ ደረስኩ። የሰኮሩ መኪና እየጠበቀ ነበር።

«ሳትነግረኝ!»

«ብነግርሽ አትልቀቅ ትይኝ ነበር።»

«እላለሁ!»

«እኮ» አለና ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አልፈሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ማለፌን ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የኔም እንደዚያው።

ሽማግሌዎቹ ከሰኮሩ የመጡት ለክለቡ ከፈረምኩ በኋላ ነው። እንደ ደንቡ በር ላይ ቆሙ፤ ተቀመጡ ከተባሉ ልጅቷን ሰጠን ማለት ነው። እኔና ነጅላ ከመጋረጃው ኋላ ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማለን።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ለጊዜው እናቱን ሱቅ ያግዛል።»

አባቴ መቀሱን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ልቤ ወረደ።

«እንግዲህ እወቁት» አለ። «ኳሷን አስጥሎ ሱቅ ሊያስጠብቃት ከሆነ አልሰጥም። ልጄ ተከላካይ ናት። ከሜዳ ውጪ ቆሜ ስንቴ አይቻታለሁ፤ እንደሷ ያለ የለም።»

ነጅላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አባቴ ሜዳ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።

«ኧረ ሙሐመድሳኒ!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ልጁ እኮ ሥራውን የለቀቀው እሷ እንድትጫወት ብሎ ነው!»

«እሱን ቀድማችሁ አትነግሩኝም?» አለ አባቴ። «ታዲያ ምን ያቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ!»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ አፌን በሻሼ ይዤ አለቀስኩ።