የአባቴን መኪና ማን ይውሰዳት

አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስላየ አሁን ብደብቀውም ዋጋ የለውም። አክስቶቼ ደረታቸውን ሲደቁ፣ እናቴ ስሙን እየጠራች ስትወድቅ ስትነሳ፣ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ያሉትን ወንበሮች እቆጥር ነበር። «ልቧ ድንጋይ ነው» አሉኝ። ድንጋይስ ቢሆን በከበደኝ ነበር። እኔን ምንም አልከበደኝም፣ ምንም አልተሰማኝም።

አባቴ ሀብተጊዮርጊስ የሞተው በታኅሣሥ ነው። ከጉንችሬ ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬደው መንደራችን የተወልን ቤቱን፣ የእንሰት ማሳውንና በዕድሜ እኔን የምትበልጥ አንዲት ላንድሮቨር ነው። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ በጨረታ የገዛት ናት። ሐሳቡ ቡላና ቆጮ ወልቂጤ ሊያመላልስባት ነበር። ግን መንደሩ ሌላ መኪና ስለሌለው፣ ምጥ የያዛትም፣ ከዛፍ የወደቀም፣ ወባ የጣለውም በእሷ ነበር አታት ሆስፒታል የሚሄደው። አባቴ አንድ ቀን እንኳ «ዛሬ አይመቸኝም» ሲል አልሰማሁም።

ሊሞት አካባቢ «መኪናዋን ምን እናድርጋት?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ማስተዋል ትወስን» አለ። ማስተዋል እኔ ነኝ። ጉንችሬ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ መኪና መንዳት አልችልም። ለምን እኔን እንደመረጠ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ወንድሜ ዘመድኩን በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ ይደውላል። ቡታጅራ ላይ ሆቴል የሚሠራ ገዢ አግኝቷል።

«ቀለም ቀብቶ ደጃፉ ላይ ሊያቆማት ነው። አሮጌ ነገር አሁን ፋሽን ነው እኮ! ጥሩ ይከፍላል።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኛለች።

«የሟች ልብስ ይሸጣል? ለነዳያን ይሰጣል እንጂ! አባትህ ሠላሳ ዓመት የለበሰው እሷን ነው። ለእድሩ ትሰጥ!»

«እማዬ፣ የእድር መኪና የማንም መኪና ናት። በሦስት ወር ውስጥ ጎማዋ እንኳ አይገኝም።»

«ይሁና! ለነፍሱ ነው!»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ሲደክማቸው ደግሞ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይሉኛል። እኔም «በመስቀል እንወስናለን» እላለሁ። እኛ ቤት ትልቅ ነገር የሚቆረጠው ሰው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ስለሆነ ማንም አልተከራከረኝም።

ብትሸጥም ብትሰጥም መጀመሪያ መነሳት ነበረባት። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቆማ፣ አንዲት ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ዘመድኩን ከወልቂጤ መካኒክ ላከልን።

ስሙ ይታገሱ ነው። በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ፤ ረጅም፣ ቱታው ዘይት የጠገበ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ቀስ ብሎ አንስቶ ጥላ ውስጥ አስቀመጣትና ኮፈኑን ከፈተ።

«የት የት ነው የሄደችው?» አለኝ።

«አታት።»

«ሌላስ?»

«አታት።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም።

«ይቺ ስትቸኩል የኖረች ናት» አለ። «ፍሬኗን ተመልከቺው።»

«እግዜር ያጥናችሁ» ካለኝ ሰው ሁሉ ይልቅ ስለ አባቴ የነገረኝ እሱ መሰለኝ።

ከዚያ በየቅዳሜው መጣ። እናቴ ጾሙ ስለነበር ቆጮና ጎመን ታቀርብለታለች፤ እሱም እጇን እያመሰገነ ይበላል። እኔን «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

«ቲቸር፣ ልትሸጪያት ነው ልትሰጪያት?»

«አላውቅም።»

«ምን ይመስልሻል ግን?»

«ምንም አይመስለኝም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ምንም ነገር ምንም አይመስለኝም።»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «አይዞሽ» ይለኛል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ አይዞሽ ሰልችቶኛል።

«እንግዲያው አትቸኩይ» አለኝ። «እኔም አልቸኩልም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መፍቻ የማቀብለው እኔ ሆንኩ። ቁጥራቸውን ለመድኩ፤ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት። አንዳንዴ ሳያስፈልገው እጁን ይዘረጋል፤ እኔም እንደማያስፈልገው እያወቅኩ አቀብለዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ፀጉሬን መታጠብ መጀመሬን ያየችው እናቴ ናት፤ ውኃውን ታሞቅልኛለች።

በሐምሌ መጀመሪያ «የናፍጣ ፓምፑ ተበላሽቷል፤ ወስጄ ላሠራው» ብሎ ፈትቶ ወሰደው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ እጁን መጣ። «አላለቀም» አለ። የዚያ ቀጥሎም «አላለቀም»፣ የዚያም ቀጥሎ። ፓምፕ የሌላት መኪና ምን ይጠገንላታል? መስታወቷን ያጥባል፣ የጠበቀ ብሎን ያጠብቃል፣ ከዚያ ሁለታችን የኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጠን ዝናቡን እናያለን። ትከሻው ትከሻዬን አይነካም፤ ሙቀቱ ግን ይሰማኝ ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎረቤታችን ሸረፋ በዝናብ እየሮጠ መጣ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።

«ባሂራ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት! አዋላጇ አታት አድርሷት ብላለች። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ማስተዋል፣ መኪናዋን! ወንድሜ ሀቢቡ ይነዳታል።»

«አትነሳም።»

«እንገፋታለን!»

«ሸረፋ፣ ፓምፕ የላትም።»

አባቴ ከሞተ ወዲህ መኪናዋን ፈልጎ የመጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ሚስቱን ባሂራን በቃሬዛ ተሸከሟት። ወንዶቹ እየተፈራረቁ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው፣ አንዴ አንደኛው ወድቆ ቃሬዛው ሲዘም እሷ ስትጮህ፣ እኔ ጎን ጎኗ ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። የእጄን አንጓ ጨብጣ ነበር፤ የጥፍሯ ምልክት ሳምንት ቆየብኝ። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪውን አውርዶ ወሰደን። አታት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ተረፉ፤ ባሂራ ግን ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ነርሷ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» ብላ አልጨረሰችውም።

ሸረፋ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔ ከነጭቃዬ ወጥቼ የወልቂጤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ይታገሱ ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ቀሚሴን ሲያይ ደነገጠ።

«ፓምፑ የት ነው?»

መደርደሪያው ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ አየሁት።

«መቼ አለቀ?»

መሬት መሬት አየ። «አምስት ሳምንት ሆነው።»

«አምስት ሳምንት!»

«ከገጠምኩት ሥራው ያልቃል። ምን ብዬ እመጣለሁ፣ ማስተዋል?»

በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። የባሂራን ነገር ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

ያኔ ተናደድኩ። ስምንት ወር ምንም ያልተሰማኝ ሰው እንዴት እንደተናደድኩ! እጄ ላይ የገባውን መፍቻ ወረወርኩ፤ ጎማ ላይ ነጥሮ ወደቀ።

«አባቴ አንድ ቀን አይመቸኝም ብሎ አያውቅም! ሌሊት ሲጠሩት ጫማውን እንኳ ሳያስር ነው የሚወጣው! አንተ እኔን ለማየት ብለህ ሰው ልትገድል?»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አትበለኝ!»

ግን እኔም ንጹሕ አልነበርኩም። ፓምፑ በተወሰደ ገና በሁለተኛው ሳምንት መኪና የሚያውቀውን ሀቢቡን «ፓምፕ ለመጠገን ስንት ቀን ይፈጃል?» ብዬ ጠይቄው «ቢበዛ ሁለት ቀን» ብሎኛል። ዝም አልኩ። ፓምፑ ከመጣ መኪናዋ ትነሳለች፤ ከተነሳች ወደ ቡታጅራም ትሂድ ወደ እድሩ፣ ይታገሱ መምጣቱን ያቆማል።

«እኔም አውቅ ነበር» አልኩት። «ዝም ያልኩት እንድትመጣልኝ ፈልጌ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ሁለታችንንም ደስ ባሰኘን። ያን ቀን ግን ቀና ብለን መተያየት አቃተን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዶ ገጠመው። ሞተሩ ሲነሳ እናቴ ከቤት ሮጣ ወጣች። መሪው ላይ ማን እንዳለ አየችና ቀስ ብላ ተመለሰች።

በሳምንቱ፣ ማንም ሳያጋልጠው፣ ይታገሱ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሸረፋ ደጅ ቆመ። የራሱን ጥፋት ተናገረ፤ የእኔን ዘለለው። እኔ ግን ተነስቼ የእኔንም ጨመርኩ። የመጣው ሰው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» እያለ አፉን ያዘ።

«ልጄ ባይተርፍ ኖሮ በሽማግሌ አልነበረም የምንገናኘው» አለ ሸረፋ በመጨረሻ። «አላህ ስላተረፈልኝ ይቅር ብያለሁ። ለጊዜው ግን ደጄን አትርገጥ። ሳይህ ያ ጭቃ ይመጣብኛል።»

ይታገሱ እኛ ግቢ ተመልሶ የመፍቻ ሳጥኑን አነሳ።

«እንግዲህ ሥራዬ አልቋል» አለኝ።

«አልቋል» አልኩት።

ሄደ። ያ የቆየው ድንዛዜ ተመልሶ መጣብኝ፤ አሁን ግን የት ቦታ እንደሚያመኝ አውቅ ነበር።

ለመስቀል ዘመድኩን መጣ። ክትፎው ተበልቶ እጅ ከተታጠበ በኋላ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ለእድሩ ትሰጣለች» አልኩ። «ግን የማንም መኪና አትሆንም። ሀቢቡ ይነዳታል። ቡላ ወልቂጤ እያደረሰ ናፍጣዋንና ጎማዋን ከዚያው ይችላል። በሽተኛ ሲመጣ ግን ቡላው መንገድ ላይም ቢሆን ይወርዳል።»

«ገዢውን ምን ልበለው?» አለ ዘመድኩን።

«ሌላ አሮጌ ይፈልግ።»

«ኪሳራ ነው እኮ፣ ማስተዋል!»

«አዎ፣ ኪሳራ ነው» አልኩት። «ባሂራን ግን አንተ አላየሃትም።»

ተነጫነጨ፤ ግን ውሳኔው የእኔ መሆኑን ያውቃልና ቁልፉን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በማግስቱ ሀቢቡ ከግቢው ሲያስወጣት አጥሩን ይዤ ቆምኩ። አባቴ የሞተው ያን ቀን መሰለኝ። አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳልል። እናቴ ልታባብለኝ አልሞከረችም፤ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

ማታውን ወልቂጤ ደወልኩ።

«መኪናዋ ሄደች» አልኩት።

«ሰማሁ። ደግ አደረግሽ።»

ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር የለንም፣ ይታገሱ።»

«አውቃለሁ።»

«ስለዚህ ስትመጣ ሰበብ አትያዝ» ብዬ ሳይመልስልኝ ዘጋሁት።

ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ልምጣ ብሎ አልደወለም፤ እኔም ደግሜ አልደወልኩም። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተችና ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሳጥን አልያዘም፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ቸግሮታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠግን ነው?» አለችው።

«ምንም፣ እማማ።»

«እና?»

ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት መሬት አላየም።

«ማስተዋልን ላያት ነው የመጣሁት።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ይግባ?» አለችኝ።

«ይግባ» አልኩ።