የተኳረፉ ነጥቦች

የመጻሕፍት አራሚው የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩ ኪቦርዱ ላይ ተደፍቷል። በቀኙ ግማሹ የተጠጣ የሻይ ብርጭቆ፣ በግራው ባዶ የልብ መድኃኒት ጠርሙስ፣ መሐል ላይ በፕሪንተር የወጣች አንዲት ወረቀት ነበረች። ኮምፒውተሩ ሲያበሩት ትንሽ ያጓራና መልሶ ጭልም ይላል።

ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦

«ልጄ ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም ካለችኝ ወዲህ መኖር ምን ያደርግልኛል:: ደክሞኛል:: በዚህ ማንም አይጠየቅ::»

ልጁን «ብሎን» ይላት ነበር፤ በሕፃንነቷ ሳትፈታ ያለፈችው ሬዲዮ ስላልነበረ። ዛሬ ከመንገዱ ማዶ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ያላት ባለትዳር ሴት ናት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጥታ ያገኘችውም እሷ ናት። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ቃሉ የራሷ ነዋ! ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚሁ ክፍል፣ ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ሆነው ያወጣችው ቃል። ካፍ የወጣ አፋፍ፤ አይመለስ። ብሎን አባቴን በምላሴ ገደልኩት ብላ አመነች።

ሊመረምር የመጣው ኢንስፔክተር አጭርና ደንዳና፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከኋላው «ወንፊት» ይሉታል። ሬሳውን ትቶ መጀመሪያ ወደ ማጠቢያው ሄደ። ታጥቦ የተደፋ ሁለተኛ ብርጭቆ አገኘና ጣቱን ከተተበት። ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ወረቀቷን አነበበና ወደ ብሎን ዞረ።

«ምን ብሎሽ ነው እንዲያ ያልሽው?»

«ስለ ባሌ ነው። ‹ይሄን ሰው ደግመሽ እዪው› አለኝ። ለምን ስለው፣ ‹ነገ ነይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የማሳይሽ ነገር አለ› አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ባሌን ዓይንህ ጠልቶታል ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ያንን... ያንን ቃል።»

«ዛሬ ስትመጪ እሱም የለ፣ ኮምፒውተሩም የለ።» ወንፊት አፍንጫውን ጠረገ። «አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሬሳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ይሄኛውን ታስነሺዋለሽ?»

«ማስነሳቱን እንጃ። ሆዱ ውስጥ ያለውን ግን አወጣዋለሁ።»

«እንግዲህ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። አንቺም ተጠርጣሪ ነሽና እንዳትቀየሚኝ።»

ሱቋ ውስጥ ሃርድ ዲስኩን ፈትታ ከደህናው ማሽን ጋር አገናኘችው። እዚያ ያየችው ነገር አደረቃት። ቫይረሱን እንደ ጎረቤት ልጅ ታውቀዋለች። ፋይሉን ሁሉ ይደብቅና በየቦታው «ክፈተኝ» የሚል ማታለያ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ማሽኑ እንዳይነሳ አድርጎ ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ደንበኛ ፍላሽ መጥቶ ነበር። ፍላሹን ቀይ ፕላስተር ለጥፋበት፣ «አትንኩ» ብላ ጽፋ፣ ጓዳ ካለው የብስኩት ጣሳ ውስጥ ከትታዋለች።

ጣሳውን ከፈተችው። ፍላሹ አለ። ፕላስተሩ ግን ተልጦ ተመልሶ ተለጥፏል፤ ተንጋዷል።

«ይሄን ጣሳ ማን ያውቀዋል?» አለ ወንፊት።

ብሎን መጀመሪያ የጣሳውን ክዳን ገጠመች፣ መልሳ ከፈተችው። ለባሏ ራት ላይ እየሳቀች ነግራዋለች። የሱቁ ቁልፍም አለው። ግን እሱ? አባቷን ሲያጥብ፣ ሲያስታምም የከረመው ሰው?

«እኔ ብቻ» አለች።

ወንፊት አስነጠሰ።

ከአራሚው ቤት የሚገቡ የሚወጡት ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ሱቁ ተጠሩ። «የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ጠዋት የት እንደነበራችሁ እናንተው ተይቡልኝ» አላቸው ወንፊት። ታይፒስቷ፣ የአራሚውን መዝገበ ቃላት ሃያ ሁለት ዓመት የተየበችው ሴትዮ፣ ኪቦርዱን ሳታይ እያለቀሰች ጨረሰች። መዝገበ ቃላቱ የአናጢውን፣ የአንጥረኛውን፣ የልብስ ሰፊውን ቃል ሁሉ የለቀመ ነው፤ ግን አራሚው ሁልጊዜ «አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው» ስለሚል ታትሞ አያውቅም። በጓሮው ክፍል የሚኖረው የብሎን አጎት ከወንድሙ ከአራሚው ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፎ ነበር። በአንድ ጣቱ እየፈለገ፣ ፊደሉን እየረገመ ጻፈ። የብሎን ባል የኮሌጅ የቋንቋ መምህር ነው። ጠዋት ክፍል እንደነበረ ቀስ ብሎ ተየበና የብሎንን ትከሻ አሸት አሸት አደረገላት።

«አይዞሽ የኔ እመቤት፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

እንዲያ ሲላት ይበልጥ ጥፋተኛ የሆነች መሰላት። ሦስቱ ከሄዱ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ከወንፊት ጋር የተደበቁትን ፋይሎች ሲያወጡ ዋሉ።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉም በአራሚው ክፍል ተሰበሰቡ። ወንፊት በአንድ እጁ ደብዳቤዋን፣ በሌላው የመዝገበ ቃላቱን አንድ ገጽ ያዘ።

«ከአንድ ፕሪንተር የወጡ ናቸው። አራት ነጥቦቹን እዩልኝ። የሟቹ ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። የደብዳቤዋ ግን እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ተራርቀዋል። እስቲ አንቺ ንገሪያቸው።»

ብሎን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ድምጿ ሻከረ። «አራት ነጥብ የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፉን የማያውቅ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። ልብ ላላለ ዓይን ያው ነው፤ ኮምፒውተሩን ግን አያታልለውም። የደብዳቤውን ፋይል አገኘሁት። አራት ነጥብ ፈልግ ስለው ‹የለም› አለኝ። አባዬ አርባ ዓመት አራሚ ሆኖ አራት ነጥብ ይጠፋዋል?»

«ትናንት ያስተየብኳችሁ ለዚህ ነው» አለ ወንፊት። «የታይፒስቷ ልክ ነው። አጎትየው ከነጭራሹ ነጥብ የላቸውም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዐረፍተ ነገር።»

«ትንፋሼ ረጅም ነው!» አለ አጎትየው።

«መምህር ግን አሥራ አንድ ቦታ ሁለት ነጥብ ደራርበዋል።»

መምህሩ ፈገግ አለ። «በነጥብ ሰው ይሰቀላል? ግማሹ አገር እንዲያ ነው የሚጽፈው። የቫይረሱን ጣሳ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ማለቷን ደግሞ ማታ ራሷ ነግራኛለች። ብትናደድ ነው እንጂ... እኔ ሚስቴን መክሰስ አልፈልግም።»

ብሎን ቀና ብላ አየችው። እሱን ለማዳን የዋሸችውን ውሸት አንስቶ በሷው ላይ ደፋው! ስምንት ዓመት አብሯት የኖረው ሰው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ዋሽቻለሁ» አለች። «ጣሳውን ለሱ ነግሬዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ ወንፊት። «መልስሽ ሲዘገይ ገባኝ። አንድ ጥያቄ ይቀራል። ደብዳቤውን አባትሽ ካልጻፉት፣ በሁለታችሁ መሐል የተባለውን ቃል ጸሐፊው ከየት ሰማ?»

«ካንተ ጭን ላይ!» ብሎን ወደ ባሏ ዞረች። «ተደፍቼ እያለቀስኩ ነው የነገርኩህ። ፀጉሬን እየዳበስክ ቃሌን ትቆጥር ነበር? ‹ኮምፒውተሩ ላይ የሚያሳየኝ ነገር አለ› ያልኩህም ያኔ ነው።»

«አባትሽ ሊያሳዩሽ የነበረውንም ካወጣሻቸው ፋይሎች መሐል አግኝቼዋለሁ» አለ ወንፊት። «መምህር የአማታቸውን መዝገበ ቃላት በራሳቸው ስም ለአሳታሚ ሰጡ። አሳታሚው ምን ያውቃል፤ የታወቀ አራሚ ይየው ብሎ ወደዚህ ቤት ላከው። ሰውየው የገዛ መጽሐፋቸውን እንዲያርሙ ተሰጣቸው! ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ሊያሳዩሽ ነበር። መምህር፣ ትናንት ጠዋትም እርስዎ ክፍል አልነበሩም፤ ኮሌጁን ጠይቄያለሁ። የልብ መድኃኒቱን ሻያቸው ውስጥ ጨምረው፣ የራስዎን ብርጭቆ አጥበው ደፍተው ነው የሄዱት።»

«መቼም አያሳትመውም ነበር እኮ!» አለ መምህሩ። ፈገግታው ጠፍቷል። «ሃያ ዓመት ያርማል! አቧራ ከሚበላው...»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ አጎትየው፤ ተነስቶ የመምህሩን አንገት ሊያንቅ ሲል በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ያዙት። ታይፒስቷ ብሎንን አቀፈቻት። መምህሩ ሲወሰድ ወደ ሚስቱ አልዞረም።

ሱቁ ውስጥ አንድ የተጎዳ ፋይል ገና እየታከመ ነበር። ወንፊትና ብሎን ሲመለሱ ተከፍቶ ጠበቃቸው። የተጻፈው አራሚው በሞተበት ጠዋት፣ ከደብዳቤዋ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ነው።

«ብሎኔ፣ ባልሽ ሊያስታርቀን መጥቷል። ጓዳ ሻይ እያፈላልኝ ነው። አጥፍቻለሁ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ይቅር አልኩት። ያሳየሁሽ እንደሆነ ቤትሽ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። አባት የለኝም ያልሽውንም አልሰማሁም፤ ልጅ ሆነሽም ሬዲዮኔን ስቀማሽ እንደዚያው ትዪኝ ነበር። ዛሬ ስትመጪ»

እዚያ ላይ አለቀ። ብሎን አፏን በእጇ ይዛ አነባች። ከዚያ ጣቷን ወደ አራት ነጥቡ ቁልፍ ዘረጋች።

«ኢንስፔክተር፣ ዐረፍተ ነገሩን ልዝጋለት?»

ወንፊት እጇን ቀስ ብሎ ያዘው።

«ተዪው ልጄ። ማስረጃ አይታረምም።»