ፊቱን ያዞረው መስታወት

በዎልደርዳይክ አንዴ ዝናብ ከገባ የሚወጣ አይመስልም። በዚያ ኅዳር ላሞቹ ዋና ለምደዋል፣ ወተታቸውም ቀጥኗል ይባል ነበር፤ ይህን የሚያወሩት ግን ወተቱን የሚሸጡት ራሳቸው ናቸው። መርማሪ ሮሊና ዳይክስትራ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ቤቷ ገብታ አንዱን ጫማዋን እንዳወለቀች ስልኳ ጮኸ።

«ባንክ ቤት አንዲት ሴት ሞታለች። ከደረጃ ወድቃ ነው።»

«ከወደቀች ሐኪም ይበቃታል። እኔን ተዉኝ፣ ልተኛ።»

«ሐኪሙ ነው አንቺን ጥሩልኝ ያለው።»

ሮሊና ያወለቀችውን ጫማ ትንሽ ስታየው ቆየችና መልሳ አጠለቀችው።

ሟቿ አሊዳ ፎፕማ ትባላለች። ሥራዋ የባንኩ ሠራተኞች ሕግ እንዳይጥሱ፣ ደንበኛም እንዳያታልሉ መቆጣጠር ነበር፤ ስለዚህም በቡና ሰዓት ከአጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ግርጌ በጀርባዋ ተጋድማለች። ደረጃው ከመሰላል የሚለየው በስሙ ብቻ ነው፤ ድመት እንኳ ጸሎት አድርሳ ትወርደዋለች።

«አንገቷ ነው» አለ ሐኪሙ። «የሞተችው ትናንት ማታ ነው። መውደቋን አውቃለሁ፤ ለምን እንደወደቀች ግን አንገት አይናገርም። እስቲ ቀሚሷን እዪው።»

ቀሚሷ አንድ መጨማደድ ሳይኖርበት እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ተስተካክሏል።

ሬሳውን ያገኘችው ገንዘብ ከፋይዋ ሱመያ ነበረች። ዝናቡ ካራሳት ይልቅ እንባዋ ያራሳት ይበዛል።

«ነክተሻታል?»

«ኧረ በጭራሽ! ከላይ ሆኜ ነው ያየኋት። ጠዋት ስመጣ በመንገዱ በኩል ያለው መጋረጃ ወርዷል። ያ መጋረጃ እኮ ወርዶ አያውቅም! ሥራ አስኪያጁ ‹የምንደብቀው የለንም፣ ሰው ይየን› ነው የሚለው። ከዛ ቡና ክፍል ገብቼ ሻሼን ላስተካክል ብል መስታወቱ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«እንዴት ጀርባውን?»

«ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ምን በድዬው ነው አልኩ። ማን አዞረው ግን? እርስዎ ያውቃሉ?»

ሮሊና አላወቀችም። ከዝናቡ ሌላ ያን ጠዋት የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ስታይን ፈርሁፍ የትልቅ ከተማ፣ የሮተርዳም ሰው ነው። ጫማው ከሹልነቱ የተነሣ ከባለቤቱ ቀድሞ ክፍል ይገባል። ቡና ቀዳላት፣ አንድ ብስኩት ሰጣት፣ ሁለተኛ እንዳታነሣ የቆርቆሮውን ክዳን ጠበቅ አድርጎ ዘጋ።

«ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት። ራሷን ነው የጣለችው።»

«ለምን?»

«ለሽማግሌ ገበሬዎች ከብድራቸው ጋር ኢንሹራንስ ሸጠን ነበር። ከሥራ ቢባረሩ የሚከፍል።»

«ጡረተኛ ገበሬን ማን ያባርረዋል? ላሞቹ?»

ስታይን አልሳቀም። «ስህተት ነው፤ አልክድም። ግን የምንሸጠው ነገር ለደንበኛው የሚሆን መሆኑን ማረጋገጥ የሷ ኃላፊነት ነበር። ሳታየው አለፈ፤ አፈረች። ነገሩ ከሷ ጋር ቢቀበር ለሁሉም ይሻላል።»

«ለገበሬዎቹም?»

«ቡናዎ እየቀዘቀዘ ነው።»

«የዞረው መስታወትስ?»

«ምስማሩ ላልቶ ይሆናላ! የሚጠግን ሰው ጠርቻለሁ።»

ከስታይንና ከሱመያ ሌላ የባንኩን በር ቁልፍ የሚይዘው ብድር ሻጩ ሃርመን ነው፤ ከባሕር ጠረፍ መንደር የመጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። በዚያ አገር ባንክ የሚቀጠር ሁሉ የደንበኛውን ጥቅም አስቀድማለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ሌሎቹ በደረቁ «ቃል እገባለሁ» ሲሉ ሃርመን ሁለት ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ በእግዚአብሔር ስም ነበር የማለው። ገበሬዎቹ ወረቀቱን ሳያነቡ የሚፈርሙት ያቀረበላቸው ሃርመን ስለሆነ ነው።

«ኢንሹራንሱን ማን ሸጠው?» አለችው ቡና ክፍል ተቀምጠው።

«አብዛኛውን እኔ። ሽያጭ አምጡ ተባልን፤ አመጣን።»

«አሊዳን ትናንት የተለዩዋት እንዴት ሆና ነው?»

«ደህና ነበረች። ‹ደህና እደሪ› ብያት ወጣሁ።»

ሮሊና መስታወቱን ልታዞር እጇን ዘረጋች።

«ይተዉት!» ብሎ ጮኸ ሃርመን። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማለቴ... አሁን ምን ያደርግልዎታል።»

ተወችው። ሬሳው ገና ከምድር ቤቱ አልወጣም ነበር፤ እሷም የገዛ ፊቷን ለማየት አልጓጓችም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሊዳ ባል ሄደች። ዊበ ድሮ የጭነት ጀልባ ነጂ ነበር። ትልቁ መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጦ መንገዱን ይመለከታል።

«የባንኩ አለቃ ደውሎ ነበር» አላት ዓይኑን ሳይነቅል። «ራሷን ነው ይላል። እንግዲህ ትታኝ ሄደች ማለት ነው። ትናንት ጠዋት ስትወጣ አላኮረፈችም፣ አልተቆጣችም። ማታ ሥራ አምሽታ ነው ብዬ እዚሁ ወንበር ላይ ስጠብቃት ነጋ። ምን ሳላይ ቀረሁ? እሱን ብቻ ንገሩኝና ሌላው ይቅርብኝ።»

«ገና አላውቅም፣ አቶ ዊበ። የማላውቀውን አልነግርዎትም።»

«ጎረቤቴ ደግሞ ስትጮህብኝ ዋለች። ‹የሐዘን ቤት ነው፣ መጋረጃ ዝጋ፣ መስታወት አዙር!› የባሕር ጠረፍ መንደር ሴት ናት። እነሱ ዘንድ ሬሳ ባለበት መስታወት ፊቱን አያሳይም። አሊዳ በዚህ ስትስቅባቸው ነው የኖረችው። እኔ ግን መጋረጃውን ያልዘጋሁት... ምናልባት ስትመጣ ባያት ብዬ ነው።»

ሮሊናን ድካሟ ለአፍታ ጥሏት ሄደ። «ጎረቤትዎ ያለችውን እስቲ ይድገሙልኝ።»

በማግስቱ አራቱን ቡና ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ስታይንን፣ ሱመያን፣ ሃርመንንና ዊበን። መስታወቱ አሁንም ጀርባውን ሰጥቷል።

«ብዙ አልናገርም፤ እንቅልፌን ገና አልጨረስኩም» አለች። «ስታይን፣ አሊዳ ብቻዋን ራሷን ጣለች ብለውኛል። ከዚያ ደረጃ ተንከባሎ የወደቀ ሰው ቀሚሱ ወደ ላይ ይሰበሰባል። የሷ ተስተካክሎ ነው የተገኘው። አንገቷ የተሰበረ ሴት ቀሚሷን አታስተካክልም። ስለዚህ ከወደቀች በኋላ አጠገቧ ሰው ነበር። አይቷታል፤ አልተጣራም፤ በሩን ቆልፎ ሄዷል።»

«እኔ አልነካኋትም ብያለሁ!» አለች ሱመያ።

«ብለሻል፤ አምኜሻለሁ። ነክቼ ነበር ብትይ ማንም አይወቅስሽም ነበር፤ መዋሸት ለምን ያስፈልግሻል?»

«ሌባ ይሆናላ!» አለ ስታይን። «እንዳይታይ መጋረጃውን ያወረደ ሌባ!»

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ መንገድ ላይ ቆሜ አየሁ። መጋረጃው ቢነሣም ባይነሣም ደረጃው ከውጭ አይታይም። መጋረጃው የሚሸፍነው ነገር የለም። ይሄ መስታወትም የሚያየው የዕቃ ማጠቢያውን ነው፤ እሱን አዙሮ ምን ይደበቃል? ሁለቱም ለመደበቅ አልተደረጉም። ታዲያ ለምን ተደረጉ?»

ሃርመን መሬት መሬቱን ያያል።

«ለሐዘን ነው» አለች ሮሊና። «መጋረጃውን ያወረደው ሰው በዚህ ቤት ሬሳ እንዳለ ያውቅ ነበር። በልጅነቱ የሐዘን ቤት ወግ ያስተማሩት ሰው ነው፤ ቢገድል እንኳ እጁ ወጉን አይስትም። ስታይን ምስማር ላላ ብሎ ጠጋኝ ይጠራል። ሱመያ ማን አዞረው ብላ እኔኑ ትጠይቃለች። አሊዳ ራሷ በዚህ ወግ ትስቅ ነበር። ትናንት ግን መስታወቱን ልመልሰው ስል ‹ይተዉት› ብሎ የጮኸ አንድ ሰው አለ፤ ሬሳዋ ገና ከቤት ስላልወጣ። አቶ ሃርመን፣ ተሳስቻለሁ?»

ሃርመን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሸክም የወረደለት እንጂ ያዘነ አይመስልም ነበር።

«አልተሳሳቱም።»

«ምን አደረገችዎት?»

«ምንም። ‹ለባንኮች ዲሲፕሊን ጉባኤ ማመልከቴ አይቀርም፤ ከዚያ በፊት ግን ለገበሬዎቹ በራስህ አንደበት ንገራቸው› አለችኝ። ሰንበት ሰንበት ዓይኔን እያዩ ‹አሜን› ለሚሉ ሰዎች! የኢንሹራንሱን ፋይል ልታመጣ ወደ ምድር ቤቱ ልትወርድ ስትል ክንዷን ያዝኳት። ‹ልቀቀኝ፣ ሃርመን› አለች። ገፋኋት። ልግደላት ብዬ አይደለም፤ ግን ገፋኋት። ከዛ... እንዲሁ ጥያት መሄድ አቃተኝ።»

«ጥለሃት ሄድክ እኮ» አለች ሱመያ።

ስታይን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ባንኩ በዚህ ጉዳይ—»

«እርስዎ ይቆዩኝ» አለች ሮሊና። «‹ሽያጭ አምጡ› ያለው ማን እንደሆነ ጉባኤው ሲጠይቅዎት የሚሉትን ከአሁኑ ያዘጋጁ። ሬሳዋ ላይ የጫኑባትን ጥፋት መልሰው ይሸከሙታል።»

ዊበ ወንበሩን ጎትቶ ሃርመን ፊት ተቀመጠ፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ደረሰ።

«ሌላ ምን አለችህ?»

«‹አብሬህ እሄዳለሁ› አለችኝ። ‹ብቻህን ካፈርክ ነገ ከሥራ በኋላ እየዞርን አብረን እንነግራቸዋለን› አለች። ‹ግን እንፍጠን፤ ዊበ እራት ላይ ብቻውን መቀመጥ አይወድም› አለችኝ።»

ዊበ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ማንም ዝም እንዲል አልነገረውም። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል፣ ግንባሩ ግን ተፈትቷል።

«ከገበሬዎቹ ቤቱ ለባንኩ የሚቀርበው ማን ነው?» አለ።

«ሽማግሌው ኦኔ፣ ከድልድዩ ማዶ» አለች ሱመያ። «ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸዋል።»

«እጮህላቸዋለሁ።» ዊበ ኮቱን ለበሰ።

ሮሊና ሃርመንን ለፖሊሶቹ አስረክባ ስትወጣ ዝናቡ እንደ ትናንቱ ነው። ዊበ ባርኔጣም ጃንጥላም ሳይዝ ድልድዩን ሊይዝ ነው። አልጋዋን አሰበች፤ ትራሷን ሁሉ አሰበች። ከዚያ መኪናዋን አስነሥታ ከጎኑ አቆመችና የወዲያኛውን በር ከውስጥ ከፈተችለት።