የመጀመሪያው ውሃ

አርክቴክቱ ከገዛ ቤቱ ጣሪያ ወድቆ ሞተ ተብሎ ስልክ ሲደወል መርማሪዋ ሻይዋን አልጨረሰችም ነበር። የደወለላት አዲሱ አለቃዋ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተው ኖረው፣ ከወር በፊት እሷን አልፎ ተሾመ። «አደጋ ይመስላል፤ ግን አንቺ እይው» አላት። ትሕትናው ራሱ አንገበገባት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ቆይ አንዴ» እያለ ነው የሚጠራት፤ ሁሉም ነገር አለቀ ደቀቀ ሲባል ይህችን ቃል ጣል ማድረግ ትወዳለች።

ቤቱ እንኳን ሐዘንተኛን ለጉዳይ የመጣውንም ያስቆማል። ግድግዳው እዚያው ከተቆፈረ አፈር በተመረተ ጡብ የተሠራ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለማታ ያቆያል። መስኮቶቹ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ትይዩ ሆነዋል። ግቢው የተነጠፈበት ድንጋይ በመካከሉ ክፍተት ስላለው የዝናብ ውሃ ሳይቆም ወደ መሬት ይሰርጋል። ጎረቤቶች ሬሳውን ወደ በረንዳ አንስተውት ስለነበር የወደቀበት ቦታ የሚነግራት ነገር አልነበረም። የሟቹ ልብስ በስብሷል፤ ከመነጽሩ አንዱ መስታወት ተሰብሮ ግማሹ የለም። ስባሪውን ግቢውን ሙሉ አስፈልጋ አጣችው።

ወሬው ግን አንድ ነበር። ሟቹ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሥራውን ማየት ልማዱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሁለት ወር ድርቅ በኋላ፣ ዝናብ ጣለ። ርጥቡ የሸክላ ክዳን አዳለጠው። አሥር ሰዓት ላይ አስተማሪ የሆነችው ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ሞቶ አገኘችው። በጣሪያው ጠርዝ ላይ መገጠም የነበረበት መከላከያ ብረት አልተገጠመም፤ ስለዚህ ሁሉም ዓይኑን የጣለው በሽማግሌው ግንበኛ ላይ ነው። በቸልተኝነት ሰው ገደሉ ከተባለ በዚህ ዕድሜያቸው እስር ቤት ሊገቡ ነው።

ሽማግሌውን የተረፈ ጡብ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ብረቱን ለምን አልገጠሙም አባቴ?»

«ይመጣል ተብሎ አልመጣም ልጄ። እሱም አትቸኩሉ ብሎኝ ነበር። አሁን እሱ የለም፤ ማን ያምነኛል?»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ማምረቻ ከሰባት ሠራተኞች ጋር ጡብ ሲመቱ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እሳቸው መጋዘን ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ያ ብቻቸውን የቀሩበት ሰዓት ነው ጉድ ያደረጋቸው።

ሚስቲቱ እስከ ዘጠኝ ተኩል ክፍል ውስጥ ነበረች። ስታለቅስ ቆይታ ድንገት ያልተጠበቀ ነገር ተናገረች። «ቀንቼበት ነበር» አለች፤ «በሴት እንዳይመስልሽ። በዚህ ቤት። አጠገቤ ተኝቶ ስለ ነፋስ ነው የሚያወራኝ። በግድግዳ የምቀና ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

ሊመሽ ሲል የሟቹ የሥራ ሸሪክ ጥቁር ለብሶ ደረሰ። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። እሱ ከስምንት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሥር ሰው የሚመሰክርለት ስብሰባ ላይ ነበር። አልቅሶ ሲያበቃ ምሬቱ አመለጠው። ቤቱ ሊሸለም ነው፤ ጋዜጣው ትናንት ሲያወጣው የጻፈው የሟቹን ስም ብቻ ነው።

«ነፋሱም፣ ጥላውም፣ ውሃ አሰባሰቡም ከእኔ ጭንቅላት የወጣ ነው» አለ። «ያም ሆኖ ወንድሜ ነበር።»

ከዚያ ጭቃ የነካውን እጁን በቤቱ ማዕዘን ካለች ትንሽ በርሜል ቧንቧ ታጠበ። ሚስቲቱ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። መርማሪዋ አየቻት። ሸሪኩ እንደሄደ «ቆይ አንዴ» ብላ ለብቻዋ ጠየቀቻት፤ መልሱን ስትሰማ ወዲያው የቤተ ሙከራ ሰዎችን ጠራች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሸሪኩ ቢሮ ሄደች። ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠጣ ጥቅል ወረቀት ነበር፤ ከዓመት በፊት ሟቹ የላከው ነው፣ እሽጉ አልተነካም።

«ይሄስ?»

«የቤቱ ፕላን ነው። የራሴን ሐሳብ ገልብጦ ላከልኝ፤ ምኑን አየዋለሁ?»

መርማሪዋ ፊቷ ጋለ። የእሷም መሳቢያ ውስጥ ያልተከፈተ ፖስታ አለ፤ አለቃዋ በተሾመ ዕለት በእጁ የሰጣት። ምን ሊለኝ ነው ብላ ወር ሙሉ አልነካችውም። ቅናት እንዲህ እንደሚያደርግ ከማንም አልሰማችውም፣ ታውቀዋለች። ጥቅሉን ይዛ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ሸሪኩ ቀድሞ ተናገረ፤ ሽማግሌው ሆን ብለው ያደረጉት ነገር ስላልሆነ ይቅር ቢባሉ ደስ ይለው ነበር።

«ቆይ አንዴ» አለች መርማሪዋ። «አባቴ፣ ያቺ ትንሽ በርሜል ምን ትሠራለች?»

«ዝናብ ሲጀምር ጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ነው የሚመጣው» አሉ ሽማግሌው። «ያ ውሃ ከአሸንዳው መጀመሪያ ወደ እሷ ይገባል። ስትሞላ ውስጧ ያለው ኳስ ተንሳፍፎ አፏን ይዘጋል፤ ከዚያ ንጹሁ ወደ ትልቁ ታንከር ያልፋል። ለመሙላት አሥር ደቂቃም አይፈጅባት።»

«ትናንት አስከፈትኳት። ከሥሯ የመነጽሩ ስባሪ ተገኘ። ውሃዋም ደም አለበት። ታንከሩ ውስጥ ግን ምንም የለም። አዳልጦት ቢሆን ኖሮ የሚደማው መሬት ላይ ነው፤ ጣሪያ ላይ ደም ምን ይሠራል? እላይ ነው የተመታው። ደሙ በመጀመሪያው ውሃ ከወረደ ደግሞ የተመታው ዝናቡ ሳይጀምር ነው።»

ከዚያ ወደ ሸሪኩ ዞረች።

«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አባቴ ከሰባት ሰው ጋር ነበሩ። እህቴ ክፍል ውስጥ ነበረች። እርስዎ ስብሰባ የገቡት ስምንት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በፊትስ?»

«ቢሮ» አለ ሸሪኩ። «ብቻዬን። ብቻውን የነበረ ሁሉ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። ግን በርሜሏን የሚያውቅ ሰው ገድሎ ቢሆን ቧንቧውን አንዴ አዙሮ ያፈሳት ነበር። የገጠሟት አባቴ ናቸው። በየዝናቡ ማግስት የምታፈሳት እህቴ ናት። ሁለቱም እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ እዚሁ ነበሩ፤ አልነኳትም። ዝናቡ ሁሉን አጥቦልኛል ብሎ የተማመነው እሷን የማያውቅ ሰው ነው። የውሃውን አሰባሰብ እኔ ነኝ ያሰብኩት ያሉት እርስዎ በጣሪያው እድፍ እጅዎን ታጠቡ።»

«ረስቼው ነው።»

«አልረሱትም። አላዩትም።»

እሽጉን ቀድዳ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ትንሿ በርሜል በቀይ እርሳስ ከነኳሷ ተስላለች። ከዚያ የወረቀቱን ግርጌ በጣቷ አሳየችው። የነዳፊዎቹ ስም ሁለት ነው፤ የእሱ ከላይ፣ የሟቹ ከታች። የጋዜጣውን አዘጋጅ ጠይቃ ነበር፤ ሟቹ ሁለቱንም ስሞች ልኮ፣ አንዱን ቦታ ጠበበኝ ብሎ ያስቀረው ጋዜጣው ነው።

ሸሪኩ ስሙን ደጋግሞ አነበበው።

«ጋዜጣውን ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁበት» አለ በመጨረሻ። «‹ፕላኑን አይተኸዋል?› አለኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝና እጄ ላይ የገባውን ጡብ አነሳሁ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም። ሽማግሌው ግንበኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው አለቀሱ፤ ለራሳቸው ይሁን ለሟቹ አልታወቀም። ሚስቲቱ ወጥታ የበርሜሏን ቧንቧ ከፈተች፤ ለምርመራ ተቀድቶ የተረፈው ውሃ እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳችም።

መርማሪዋ ቢሮ ስትደርስ ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነበር።

«ጨረስሽ?»

«ቆይ አንዴ» አለችው፤ መሳቢያዋን ሳበችና ፖስታውን አወጣች።