የካርዱ ጀርባ

«ተተኪው መጣ» አለች ልጅቱ፣ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል» አለች እናቷ ከጓዳ።

«እንዲሰማ ነው እማዬ።»

የሟቹ ፕሮፌሰር አባቷ የመጨረሻ ተማሪ ጫማውን ጠርጎ ገባ፤ ለእናቲቱ እጅ ነሣ፤ ልጅቱን አልፎ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄደ። ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ረጃጅም የእንጨት ሣጥኖች ይጠብቁታል።

አባቷ የጥንት ግሪኮችን ፍልስፍና ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር አንድ ልማድ ነበረው። በትንሽ ካርድ ፊት አንድ ሐሳብ ይጽፋል፤ በጀርባው በዚያ ሐሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ያሰፍራል። ጀርባው ባዶ የሆነ ካርድ መጽሐፍ ውስጥ አይገባም። ሳይጨርሰው የሞተው መጽሐፍ ያለው በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ በታጨቁት ካርዶች ላይ ነው። ተማሪው ሁሉንም ገልብጦ በወረቀት አዘጋጅቶታል፤ አሳታሚው ደግሞ እስከ ሐሙስ የቤተሰቡን ፊርማ ይፈልጋል። እናቷ «እሷ ከፈረመች እፈርማለሁ» ብላለች። እሷ አልፈርምም ብላ ቁጭ ብላለች።

ምክንያቷን ለማንም አልተናገረችም። በካርዶቹ ጀርባ ካሉት ተቃውሞዎች ብዙዎቹ የእሷ ነበሩ። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ እራት ላይ ሐሳቡን ሲያነብ እሷ ታፈርሰዋለች፤ እሱም ያለችውን በራሱ እጅ ጽፎ ያስቀምጣል። መጽሐፍ ባወጣ ቁጥር «አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል» ተብሎ ታገኘዋለች። ሦስት መጽሐፍ፣ ያው «አንድ ሰው»። አንድ ቀን ስሜን ጻፍ ብላው ነበር። «ቤት ውስጥ ለተወራ ነገር ምን ስም ያስፈልገዋል?» አላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ፍልስፍና አፏን አልከፈተችለትም፤ ማተሚያ ቤት ገብታ የጽሑፍ አራሚ ሆነች። አሁን ብትናገር ሟች አባቷን ሌባ ማለት ነው። ዝም ብላ ብትፈርም ደግሞ የራሷን ሐሳብ አብራ ልትቀብር ነው።

«ዛሬም አትፈርሚም?» አለ ተማሪው።

«ዛሬም።»

«ጋሼ እንዲህ ነበር ያሳደጉሽ?»

«ጋሼ አትበለው። የእኔ አባት እንጂ ያንተ ታላቅ ወንድም አይደለም።»

«አንቺ ስትሸሺያቸው አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ቦርሳውን ተሸክመህ። አሁን ደግሞ መጽሐፉን ተሸክመህ የእሱን የመምህርነት ቦታ ልትይዝ።»

«አዎ፣ ቦታውን እፈልገዋለሁ። ቦርሳው ውስጥ ያለውንም አንብቤዋለሁ። አንቺ የፊደል ግድፈት ስትለቅሚ።»

ይህኛው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። እጆቹን አየች። ካርዶቹን በጠርዛቸው ብቻ ነበር የሚይዛቸው፣ መሃላቸውን ሳይነካ። ይህን ልብ በማለቷ በራሷ ተናደደች።

እሱ ግልባጩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ የሁሉ ነገር መነሻ የሆነው እሱ ራሱ ሳይነቃነቅ ሁሉን ያንቀሳቅሳል፣ የተወደደ ሰው የሚወደውን እንደሚያንቀሳቅሰው፤ መልካም ገዢም እንደዚያ መሆን አለበት ይላል። ከዚያ ጀርባውን አነበበ፦ «አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ የሚወደደው የማይነቃነቅ ከሆነ የወደደውን አያውቀውም፤ ስለዚህም ፍጹም ነው።»

«አይደለም» አለች፣ ሳታስበው።

«ምኑ?»

«እንዲህ አይልም። ‹የማያውቀውን ደግሞ ሊገዛ አይችልም፤ አገር የሚያስተዳድር ሰው መስማት አለበት› ነው የሚለው።»

ተማሪው ካርዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። የታችኛው መስመር ሻይ ፈስሶበት ጠፍቷል፤ የጠፋውን በግምት የሞላው እሱ ነው። ብርሃን ላይ ይዞ እያንዳንዱን የተረፈ ጭረት መረመረ።

«ይህን ካርድ ጋሼ ከሰጡኝ ጀምሮ አምስት ዓመት ሙሉ በእኔ መሳቢያ ተቆልፎ ነበር፤ ወደ ሣጥኑ የመለስኩት አሁን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አይተሽው አታውቂም።»

«ገመትኩ እንግዲህ።»

«አንቺ? አንቺ ገምተሽ አታውቂም።» ሌላ ካርድ መዘዘና ፊቱን ብቻ አነበበላት። «ጀርባውን ንገሪኝ።»

ነገረችው። ሌላ አወጣ፤ ነገረችው። ሰባተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስምንት ዓመት ከዚህ ‹አንድ ሰው› ጋር ስጣላ ኖርኩ። መጽሐፎቻቸውን ስገልጥ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነበር። እየሄድኩ እመልስለታለሁ፣ ተኝቼ እመልስለታለሁ።»

«ማን አሸነፈ?»

«አንቺ ነሻ። እንዴት እንደጠላሁሽ አታውቂም።»

ቀና ብላ አየችው። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

«ዝም በል፣ እማዬ ትሰማለች» አለችው።

«ሰምታለች» አለች እናቷ በሩ ላይ ቆማ። «እራት ላይ ሳህን የማነሣው እኔ አልነበርኩም? ስትናገሪም ሲጽፍም አይቻለሁ። እስክትናገሪ ነው የጠበቅሁት። በመሞቱ ይበልጥ አትፍሪው፤ በሕይወት እያለም ይህን ያህል አያስፈራም ነበር።»

ተማሪው እስክሪብቶ አወጣ። በግልባጩ ላይ «አንድ ሰው» የሚለውን ባገኘበት ሁሉ እየሰረዘ የእሷን ስም ጻፈበት።

«የአባቴን መጽሐፍ አትደልዝ» አለችው። «አሳታሚው እንደገና ይመርመር ይላል። መጽሐፉ ካልወጣ ቦታው ያመልጥሃል።»

«ያምልጠኝ።»

እንዳለችውም ሆነ። አሳታሚው መጽሐፉን ለአንድ ዓመት አዘገየው፤ የመምህርነቱም ቦታ ለሌላ ተሰጠ። ሐሙስ ዕለት ተማሪው ይህንኑ ሊነግራት መጣና አንድ አዲስ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በፊቱ፣ በራሱ ጽሕፈት፦ «ዕድሜ ልኬን ከዚህች ሴት ጋር መከራከር እፈልጋለሁ።»

ገለበጠችው። «ጀርባው ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ አይገባም።»

እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቀችው። ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ጻፈች፣ አንዲት ቃል ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች፤ ከዚያ ወደ እሱ ገፋችለት።

«ይህ ሰው ቦርሳ መሸከም እንጂ መከራከር አይችልም። ቢሆንም ይሞክር።»

ከሥሩ «አንድ ሰው» አይልም። ስሟን ጽፋለች፣ ከነአባቷ።