በመጎናጸፊያ የተሸፈነው ሰርቨር

ጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ መካነ ሰላም ሱቆቿን ዘግታ ነበር፤ ከደሴ በኩል የሚመጣው የጦርነት ወሬ ከመኪናው እየቀደመ ይገባል፤ በመናኸሪያው ሲጮኹ የሚውሉት ሚኒባሶች አንድ በአንድ ተሰውረዋል፤ የቀሩት ሁለት የጭነት መኪናዎችም ፍራሽና ሕፃን እየጫኑ ናቸው። ስልክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በከተማይቱ ዳር ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎቹን አሰናብቶ ጨርሷል፤ በዚያን ቀን በሥራ ቦታቸው የተገኙት የዘበኞቹ አለቃ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ያሲንና የቤተ መጻሕፍቱ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ኃላፊ እፀገነት አስናቀው ብቻ ነበሩ።

እፀገነት የቀረችው ደፋር ሆና አይደለም፤ ፈሪ ናት፣ ይህንንም ራሷ አትደብቅም። የቀረችው በፊርማዋ የተረከበችው አንድ ዕቃ እግሯን ስለያዛት ነው። ዕቃው ከአንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሥር የተቀመጠ ጥቁር ሰርቨር ነበር። ኢንተርኔት ከሚመጣበት ቀን የሚጠፋበት ቀን በሚበዛበት በዚያ ደጋ፣ መምህራኑ አዲስ አበባ በተመላለሱ ቁጥር በፍላሽ እየቃረሙ ያመጡት የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሂሳብ መጽሐፍ፣ የምርምር ጽሑፍም ሁሉ በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ተማሪው በንባብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች በኩል ገብቶ ያነበዋል። ተመራቂዎቹም ፍላሻቸውን ቫይረስ እየበላባቸው ሲቸገሩ፣ የምርምር ውጤታቸውን እዚያው እንዲያስቀምጡ የፈቀደችላቸው እሷ ናት። የዓለምዘርፍ የምትባል የባዮሎጂ ተማሪ፣ ገብስ ላይ የሚወጣውን ዋግ የሚባል በሽታ ሁለት ክረምት ሙሉ እየዞረች የለካችበትን መዝገብ አስቀምጣበታለች፤ ሌላ ቅጂም አልነበራትም።

«መጽሐፉ ቢጠፋ ይገዛል፤ የልጆቹን ልፋት ግን የሚሸጥልሽ የለም» አላት ያሲን፣ የመጨረሻውን ገመድ እየነቀለ። «ውሃ አይንካው እንጂ ሌላው ይቀላል። አብሽሪ እህቴ፤ አላህ ያውቃል።» እሱም ቤተሰቡን ሊያሸሽ ወጣ።

የእፀገነት አባት ቄሰ ገበዝ አስናቀው በዚያው ሰዓት በቅሏቸውን ይዘው በር ላይ ደረሱ። ከከተማይቱ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ በገደል አፋፍ ላይ ያለችው የኮሶ አምባ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ጠባቂ ናቸው፤ የዕቃ ቤቷ ቁልፍ ሃያ ሁለት ዓመት ከወገባቸው ወርዶ አያውቅም። ወደ ከተማ የወረዱት የተተለተለ የመቅደስ መጎናጸፊያ ለማሰፋት ነበር፤ ሰፊው ሸሽቶ ስለነበር ጨርቁን እንዳለ፣ ልጃቸውንም በዚያው ይዘው ሊመለሱ መጡ። ሰርቨሩን በቅሎዋ ላይ ጫኑትና መንገድ ጀመሩ።

ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ያልታሰበ ዝናብ ጀመረ። እፀገነት ነጠላዋን ብታለብሰውም ነጠላው በአንድ አፍታ ራሰ። ያሲን ያስጠነቀቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱው መጣ። ከአባቷ ከረጢት ያንን ወፍራም ቀይ መጎናጸፊያ መዝዛ ዘረጋችው።

«ተይ ልጄ፣ ይህ የመቅደስ ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«አባ፣ ይህ ከረጠበ የልጆቹ ነገር አለቀ። ጥቂት ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ።»

ቄሰ ገበዙ ሰማዩንም ልጃቸውንም አዩና የራሳቸውን ጥላ ዘርግተው ከበቅሎዋ ጎን መሄድ ጀመሩ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ገብስ ያጭዱ የነበሩ ገበሬዎች ቀና ቢሉ፣ መስቀል የያዘ ቄስ፣ የተዘረጋ ጥላ፣ በቀይ መጎናጸፊያ የተሸፈነ ጭነት አዩ፤ በዚያ ሰሞን ንዋየ ቅድሳት ከከተማ ወደ ገደል ይሸሻል የሚል ወሬ ነበርና መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ማጭዳቸውን ጥለው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሰገዱ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሰ ገበዙ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እፀገነት የነጠላቸውን ጫፍ ሳበች፤ «አባ፣ ዝም ይበሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ማሽን መሆኑ ከተወራ ዛሬውኑ ነው የሚወሰደው» አለች። እሳቸውም አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

ኮሶ አምባ ሲደርሱ ከኋላቸው ሰባ የሚሆን ሰው ተከትሏቸዋል። ሰርቨሩ በካህናት እጅ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ፤ ስምንት ወጣቶች መሣሪያቸውን አንግተው ለዘብ ተራ ተመደቡ። እፀገነት ሴት ናትና ወደ ዕቃ ቤቱ መግባት አይፈቀድላትም። በየማለዳው አባቷን ትጠብቃለች።

«ምን ይመስላል?»

«ተቀምጧል።»

«አይጥ የለም? ግድግዳው አላረጠበም?»

«ልጄ፣ በዚያ ቤት የአራት መቶ ዓመት ብራና ተቀምጧል» ይሏታል። አነጋገራቸው ግን ደስታ የለውም፤ ቅዳሴ ቆመው ሲመለሱ እህል አይቀምሱም፤ አይኗንም አያዩም። እሷም ብትሆን እንቅልፍ አጥታለች፤ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ፊርማዋ፣ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ጧፍ ይዘው ስለሚቆሙት ሴቶች ስታስብ ትውላለች። ከሴቶቹ አንዷ ወይዘሮ አበቡ ነበሩ፤ አንድ ልጃቸው ዘምቶ ወሬው ጠፍቶባቸው፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ ደጃፍ ላይ ይሰግዱ ነበር። በታኅሣሥ ልጁ ክንዱን ቆስሎ በእግሩ መጣ። ከዚያ ወዲያ የሚሰግደው ሰው እጥፍ ሆነ።

በጥር ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለው ያሲን ነበር። በባዶው ግቢ ሰው ገብቶ ኮምፒውተሮቹን ወስዷል፤ ማን እንደወሰዳቸው የሚያውቅ የለም፤ ጉዳት መዝጋቢ ኮሚቴ ጥር 25 ቀን ይመጣል። «የዘበኞቹ አለቃ አንቺ ሰርቨሩን ጭነሽ ስትወጪ አይቻለሁ እያለ ነው» አላት። «ቦታው ባዶ ከተገኘ ስምሽ ነው የሚጻፈው። የዓለምዘርፍ ደግሞ ሦስቴ መጥታ ጠየቀችኝ፤ ልጅቷ አልቅሳ ሄደች።»

እፀገነት ነገሩን ለአባቷ ስትነግር፣ እሳቸውም የሚነግሯት ነበራቸው። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌ አቶ ይሄነው፣ አገር ሰላም ሆኗልና የሸሸው ንዋየ ቅድሳት በወርኃዊው የጊዮርጊስ በዓል፣ ጥር 23 ቀን፣ በካህናትና በሕዝብ ታጅቦ ወደ ደብሩ ይመለስ ብለው አስወስነዋል፤ ከቄሰ ገበዙ የሚፈልጉት የደብሩን ስም ብቻ ነው። እፀገነት በዝማሬና በእልልታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በር የሚመጣውን ሕዝብ አሰበች።

«የአንዱን ደብር ስም ይጥሩ አባ፤ ከዚያ በመንገድ ላይ እኔ ለይቼ...»

«አንድ ጊዜ ዝም ይበሉ ብለሽኝ ዝም አልኩ» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ዋሽ ግን አትበይኝ።»

ጥር 23 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ በቅጥሩ ውስጥ እንደቆመ አቶ ይሄነው ወጡና «ቄሰ ገበዝ፣ የየትኛው ደብር እንደሆነ ይንገሩንና እንነሣ» አሉ። እፀገነት በሴቶቹ በኩል ቆማ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ጨብጣለች። እኔ እናገራለሁ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ለራሷ ምላለች፤ አሁን ግን አንደበቷ ተያዘ።

ቄሰ ገበዝ አስናቀው መስቀላቸውን ወደ እቅፋቸው ሰበሰቡ። «የደብር አይደለም» አሉ። «ንዋየ ቅድሳትም አይደለም። የትምህርት ቤት መጻሕፍት የተቀመጡበት ማሽን ነው። መጎናጸፊያው ለዝናብ ነበር። ስትሰግዱ እያየሁ አልነገርኳችሁም።»

ከወጣቶቹ አንዱ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። እፀገነት አባቷን የሚመታቸው መስሏት ነበር። ወጣቱ ግን መሣሪያውን ግንብ ላይ አስደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ወር ከሃያ ቀን፣ እያዩ?» አሉ አቶ ይሄነው።

«እያየሁ።»

«ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ!» አለች እፀገነት በመጨረሻ።

«አፉ የኔ ነው» አሉ አባቷ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ።

ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ አበቡ ማየት ጀመረ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ «እኔ የሰገድኩት ለጊዮርጊስ ነው። ደጃፉ የሱ ነው፤ ውስጥ ያለውን ዕቃ እሱ ያውቃል። የሰው ልጆች ልፋት ከሆነ ይመለስላቸው።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተማከሩም። ሰርቨሩ እንዲሄድ ፈቀዱ፤ ቄሰ ገበዙ ግን ቁልፉን እንዲያስረክቡ ወሰኑ። ቄሰ ገበዙ ቁልፉን ከወገባቸው ሲፈቱ ጠፍሩ ቆይቶ ደርቆ ነበርና አልላቀቅ አላቸው፤ አቶ ይሄነው ራሳቸው ጎንበስ ብለው አገዟቸው። እፀገነት ያንን ስታይ አለቀሰች።

በማግሥቱ ሰርቨሩ ጆንያ ለብሶ፣ ማንም ሳይሰግድለት፣ በዚያችው በቅሎ ወረደ። ያሲን ከመደርደሪያው ሥር ወደ ቦታው መልሶ ገመዱን ሰካ፤ ከቤቱ ባመጣት አሮጌ ላፕቶፕ አያይዞም ሲጠብቅ እፀገነትና ተጠርታ የመጣችው የዓለምዘርፍ ከጎኑ ቆመው ነበር። አረንጓዴዋ መብራት በራች። የዓለምዘርፍ መዝገቧን ከፍታ ከመጀመሪያው ሰኔ ልኬት እስከ መጨረሻው መስከረም በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ከዚያ እፀገነትን አቀፈቻት።

ጥር 25 ቀን ኮሚቴው መጣ፤ ሰዎቹ ብዙ የተሰበረ ሲያዩ ስለዋሉ ደክሟቸው ነበር። የዘበኞቹ አለቃ ዕቃውን በቦታው ሲያየው ነገሩን ተወው። ጸሐፊው ከመደርደሪያው ሥር አጎንብሶ አየና በቅጹ ላይ እንዲህ ሲል ሞላ፦ «ሰርቨር፣ አንድ። ከነበረበት ያልተነሣ፤ ጉዳት የሌለው።» ወረቀቱን ለእፀገነት አቀበላት። ያልተነሣ የሚለውን ቃል ደጋግማ አየችው። ብታስተካክለው የት እንደነበረ መጻፍ ይኖርባታል፤ የት እንደነበረ ከተጻፈም የአባቷ ስም በመንግሥት መዝገብ ላይ መጎናጸፊያውን ከነውርደቱ ይዞ ይቀመጣል። ፈረመች።

ቅዳሜ ኮሶ አምባ ስትወጣ አባቷን ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ እጃቸው ሳያስቡት ቁልፉ ወደነበረበት ወገባቸው ይሄዳል።

«ጻፉት?»

«ጻፉት አባ።»

«ምን ብለው?»

«ደህና ነው ብለው።»

«እንግዲያማ ደግ» አሉና የምትቀመጥበትን ድንጋይ በነጠላቸው ጠረጉላት።

የዚያ ዘመን የጉዳት መዝገብ ብዙ ጥራዝ ነው፤ የተቃጠለውን፣ የተዘረፈውን፣ የፈረሰውንም ይዘረዝራል። የተረፈውን ማን እንዳተረፈው የሚሞላበት ዓምድ ግን ቅጹ አልነበረውም። ዛሬ በዚያ የንባብ ክፍል የሚቀመጥ ተማሪ የገብስ ዋግ ብሎ ቢፈልግ የዓለምዘርፍ ጥናት ይመጣለታል፤ ምስጋና በሚለው ገጽ ላይም ከመምህራኑ ስም በታች «አባ አስናቀው፣ ኮሶ አምባ» የሚል ተጽፏል፤ ለአብዛኛው አንባቢ ገብሱ የተለካበት ማሳ ባለቤት ይመስሉታል።