ወደ ቁረይሻ ሲዞር የሚረጋው ሞተር

ይህ የሆነ ነገር ነው። የማያምን ይተወው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ዕለቱ አርብ ነው። ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ፣ ጋራዤ በር ላይ።

ክፉ ዓመት ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ቶሎ ሄደ። ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። ጦርነት የሸሹ የካርቱም ሰዎች ትምህርት ቤቶቹን ሞሉ። ቤንዚን ጠፋ። በሽታ ገባ። ዋልካው መሬት እግር እስኪውጥ ተሰነጠቀ።

እኛ ቤት ግን ክፉው ዘመን ቀድሞ ነበር የገባው።

ልጄ አኑዋር ሾፌር ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ሠራተኞች ለማምጣት በድንበሩ በኩል ወዳለው ቁረይሻ ወጣ... አልተመለሰም። ሬሳ የለም። መኪና የለም።

በእኛ ደንብ ሟች ላይ ሦስት እፍኝ አፈር ይደረጋል። ያቺ አፈር ዕዳዬ ነበረች። እናቱ ባሕሪያ ሌላ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። «አፈር ሳታለብሰው እንዳትሞት» ብቻ ትለኛለች።

ያን አርብ ጋራዤ በር ላይ አንድ አሮጌ ፒካፕ ቆሟል። ሾፌሩ ሃፍቱ ይባላል። ከትግራይ ሸሽቶ መጀመሪያ መንደር 8 የስደተኞች መጠለያ የገባ፣ ኋላ ገዳሪፍ የቀረ ጎልማሳ ነው።

«ኣቦይ፣ ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጥብኛለች። ስትሄድ ደህና ናት። ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ነው የምትሆነው።»

«ለማን አሳየሃት?»

«ለማን አላሳየኋት? አንዱ ካንዴላ ነው ይላል፣ አንዱ ካርቡራተር ነው ይላል። የቀረኝ ጠበል ነው።»

«ጠበሉስ ለሾፌሩ ነው። ይልቅ ኮፋኖውን ክፈት።»

ነጭ ጀለቢያዬን አልቀየርኩም። እጅጌዬን ብቻ ሰበሰብኩ።

ሞተሩ ሦስቴ ይመታል... አንዱን ይዘላል። ሦስቴ ይመታል... አንዱን ይዘላል።

እንዲህ ሲሆን ሥራው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላውን ገመድ ተራ በተራ ትነቅላለህ። ስትነቅል ሞተሩ ከደከመ፣ ያኛው ሲሊንደር ደህና ነው። ምንም ካልተለወጠ የሞተው እሱ ነው።

አንደኛውን ነቀልኩ። ደከመ። መልሼ ሰካሁት።

ሁለተኛውን... ደከመ። አራተኛውን... ደከመ።

ሦስተኛውን ነቀልኩ።

ምንም።

ሞተሩን አስጠፍቼ ካንዴላውን ፈታሁት። ንጹሕ ነው። ቀዳዳውን ለማየት ጎንበስ አልኩ... እንዳጎነበስኩ ቀረሁ።

የቀዳዳው ጥርስ አልቆ በናስ ቀለበት ተተክቷል። ያንን ናስ የሞረድኩት እኔ ነኝ። ሞረዱ አምልጦኝ የጫረው ጭረት ሳይቀር አለ።

የሠራሁት ለአኑዋር መኪና ነበር።

«ሞተሩን ከየት አመጣኸው?»

«ከሉጥፊ፣ ከብረታ ብረት ሻጩ። የራሷ ሞተር ሞቶ ነው የቀየርኩላት። ምነው ኣቦይ?»

«ሉጥፊስ ከየት አመጣው?»

«ከበረሃ ነው የሰበሰብኩት አለኝ። ሌላ አልተናገረም።»

ካንዴላውን መልሼ አሰርኩ። ገመዱን ግን ሳልሰካው ተውኩት። «አስነሳና ጥላው ውስጥ አስገባት» አልኩት። እኔም ትንሽ ልቀመጥ ፈለግሁ።

ሃፍቱ አስነስቶ አዞራት። አፍንጫዋ ወደ ቁረይሻ መንገድ ዞረ።

ሞተሩ ረጋ።

አንድም አይዘልም። አራቱም ይመታሉ። የሦስተኛው ገመድ ግን ተንጠልጥሏል...

«ዳነች!» አለ ሃፍቱ እየሳቀ።

«ዝም በል። ወደ ገበያው መልሳት።»

መለሳት። ሦስቴ መታ... አንዱን ዘለለ።

«እንደገና ወደዚያ።»

ረጋ።

ሃፍቱ መሳቁን ተወ። «ኣቦይ... ይሄ ምንድን ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ንዳ።»

ያለ ሦስተኛው ገመድ ነዳን። አስፋልቱን ትተን ወደ እርሻው ገባን። መንገድ ስንስት ይዘላል። ስንመለስ ይረጋል። ለሃፍቱ ስለ ልጄ የነገርኩት እዚያ ነው። መሪውን አጥብቆ ያዘ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ስንደርስ ድምፁ ሳሳ። ሃፍቱ ሞተሩን አጠፋ።

ሞተሩ አልቆመም።

ቁልፉን ነቅሎ አሳየኝ። «አጥፍቼዋለሁ...»

«አውቃለሁ።»

አንድ መታ... አንድ... ብዙ ቆይቶ አንድ...

ቆመ።

ወረድን። ከፊት ጎማው ሥር መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ጨርቅ ይታያል። ቱታ ነው። ኪሱ ላይ ባሕሪያ በቀይ ክር የጠቀመችው ስፌት አለ።

ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ ጠረግሁ።

ሃፍቱ ቆፈረ። እኔ አጥንቱን ለቀምኩ። ልጄ እንዲህ ትንሽ ነገር ሆኖ ነበር። በጥምጥሜ ጠቅልዬ፣ ጉድጓዱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አቅንተን አስተኛነው። ሶላቱን ብቻዬን ሰገድኩበት። ሃፍቱ ራቅ ብሎ ቆሞ ያለቅሳል።

«እኔ አባቴን ሳልቀብር ነው የወጣሁት» አለኝ።

«ና፣ አብረኸኝ አልብሰው» አልኩት።

አንድ እፍኝ። ሁለት። ሦስት።

ሞተሩ እንደ ቀድሞው እየዘለለ መለሰን፤ ሌሊት ቤት ገባሁ። ባሕሪያ ፊቴን አይታ ተነሳች።

«አለበስከው?»

«አለበስኩት።»

አልጮኸችም። መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ተመስገን፣ ዕዳችን ወጣ» አለች። ቆይታ ጀለቢያዬን ልታወልቅልኝ ከኋላዬ ዞረች... እጇ ቆመ።

«ጀርባህን ማን ነካህ?»

አውልቄ አየሁት። በትከሻዎቼ መሀል፣ እጄ በማይደርስበት ቦታ፣ የሰው መዳፍ አርፎበታል። አምስቱም ጣት። ጥቁር የሞተር ዘይት ነው።

የሃፍቱ እጅ አፈር ብቻ ነበር።

ባሕሪያ መዳፏን ላዩ ላይ ጫነች።

ዘይቱ ትኩስ ነበር...